የእድሩ ጠያቂ

ወዚር ከጎባ ሐኪም ቤት በእግሩ ወጥቶ ሮቤ ሲገባ የእድሩን ድንኳን አጥር ላይ ተሰጥቶ አገኘው። ድንኳን ደግሞ ያለ ነገር አይሰጣም። ወዚር ሞኝ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን በሰፈሩ ከእሱ በቀር ሊሞት የተቃረበ ሰው እንዳልነበረ ያውቃል። ከጎባ ካመጣው ባጃጅ ወርዶ አንድ እጁን አጥሩ ላይ አስደገፈና ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ የእድሩን ዳኛ ጉቱን ጠየቀው።

"ይሄ ድንኳን ለማን ነው?"

"ለማንም" አለ ጉቱ፣ ማስክ በማስክ ላይ ደርቦ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ። "ፀሐይ ይምታው ብለን ነው። ብል እንዳይበላው።"

"ሰማዩ ደምኗል እኮ።"

"ጠዋት ፀሐይ ነበር።"

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ድንኳኑም ታጥፎ ገባ፣ ወዚርም ቤቱ ገባ።

ወዚር ሮቤ ገበያ ውስጥ ጆንያና ገመድ የሚሸጥ፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ አንዲት ልጁን ኢህሳንን ለደሎ መና ሰው የዳረ፣ ስልሳን የተሻገረ ሰውዬ ነው። ክፉ አይደለም። ችግሩ ጨዋታ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ጎኑ ያለው ሰው እግሬ ደነዘዘኝ ብሎ ቀስ ብሎ ቦታ ይቀይራል። የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ "እንዴት ነህ?" ይላል፤ የታመመው "ደህና ነኝ" ካለ ለወዚር ጉዳዩ አበቃ። ከዚያ በኋላ እንደሚሸጠው ጆንያ ግድግዳ ተደግፎ ዝም ነው። ሰው ይህን እያወቀ ሲታመም "ለወዚር እንዳትነግሩት" ይል ነበር፤ ሐሜት አይደለም፣ ራሱም ሰምቶታል።

ጊዜው የኮሮና ጊዜ ነው። ክትባቱ በሬዲዮ ይወራል እንጂ በሰፈሩ ሰው ክንድ ላይ ገና አልታየም። ሰው ይታመማል፤ የታመመ ደግሞ ይጠየቃል። እስላሙም ታዟል፣ ክርስቲያኑም ታዟል። ኮሮና ይገድላል፤ አለመጠየቅ ደግሞ ያሳፍራል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ መወሰን እድሩን አስቸግሮት ሰነበተ። በመጨረሻ በጉቱ ወፍጮ ቤት ግቢ ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡና ተመካከሩ። መፍትሔውን ያመጣው ጉቱ ነው። ጉቱ በሽታ ሲፈራ ለጉድ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ መላ አያጣም።

"ወዚር ታሞ ነበር?" አለ ጉቱ።

"ታሞ ነበር" አሉ።

"ድኗል?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል።"

"ኩፍኝ ሰውን ሁለቴ ይይዛል?"

"አይይዝም።"

"በቃ፣ ወዚር ጨርሶታል ማለት ነው። ከእንግዲህ የታመመ ሰው ሲኖር ስለ ሁላችንም ወዚር ይጠይቅ። እሱ ከጠየቀ እያንዳንዳችን እንደጠየቅን ይቆጠራል። ሌላ ሰው የታመመ ቤት ዝር እንዳይል።"

የኬሚስትሪ መምህሩ መሸሻ "ሳይንሱ ግን እስካሁን . . ." ብሎ ጀመረ። ሁሉም ዞረው አዩት። መሸሻ ከሸዋ መጥቶ እዚህ ሰፈር ሲኖር ብዙ ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ሲታይ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ደንቡ ጸደቀ። እዚያው ጥግ የተቀመጠው ወዚር "እሺ" አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ለምን እሺ እንዳለ ማንም አልጠየቀውም፤ ቢጠየቅም አይናገርም። ነገሩ የተጀመረው ጎባ ነው። ኦክስጅን ላይ እያለ አጠገቡ ባለው አልጋ ዲኖ የሚባል የአጋርፋ ገበሬ ተኝቶ ነበር። ጠያቂ አይገባም። ነርሶቹ ከእግር እስከ ራሳቸው በላስቲክ ተጠቅልለው ካንዱ ወዳንዱ ይሮጣሉ፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዲኖ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ የሰው አጥር ላይ ቆሞ እንደሚጣራ እንግዳ፣ "ቤቶች፣ ሰው የለም እንዴ?" አለ። ወዚር ሰምቶታል። አልጋና አልጋ ናቸው፣ ክንድ ቢዘረጋ ይደረስ ነበር። "አለሁ" ሊል አፉን ከፈተ፤ ጭምብሉ ውስጥ ግን ለቃል የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበረም። ዲኖ አንድ ጊዜ ደገመው። ከዚያ መልስ እንዳጣ ጨዋ እንግዳ ዝም አለ። ሲመሽ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወዚር የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሞትማ የአላህ ነው፤ ያለ ነው። ተኝቶ "ሰው የለም እንዴ?" ብሎ መልስ ማጣት ግን የጎረቤት ሥራ ነው፤ እሱን ነው የፈራው።

ስለዚህ ሥራውን በእውነት ሠራው። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይሄዳል። በር ላይ "ቤቶች!" ይላል። ገብቶ ለእስላሙ "እድሩ ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ ብሎሃል"፣ ለክርስቲያኑ "እድሩ እግዜር ይማርህ ብሏል" ይላል። ከዚያ ይቀመጣል። የታመመው ሰው ከሰመመኑ ባንኖ "ማነው? ሰው አለ?" ሲል "አለሁ" ይላል። ይኸው ነው። ጨዋታ የለ፣ ምክር የለ፣ "እገሌም እንዲህ አድርጎት ሞተ" የለ።

የሚገርመው ነገር በሽተኞቹ ወደዱት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መልስ የማይጠብቅ ጠያቂ ሲያገኝ እንደማረፍ ነው። መምህር መሸሻ ራሱ ተራው ደርሶት ሲታመም ወዚር መጥቶ አራት ቃል ተናግሮ ተቀመጠለት። መሸሻ ከዳነ በኋላ "በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ጠያቂ አላየሁም" እያለ አወራለት። ገበያ ላይ ሰዎች ወዚርን ከሩቅ "አካም ጅርታ!" ማለት ጀመሩ። በስተርጅና ተፈላጊ መሆን ደስ ይላል፤ ወዚርም ደስ ብሎታል፤ ምን ይደበቃል።

አንድ ሰው ብቻ አልተቀበለውም። አዴ ዙሀይራ የሰፈሩ ትልቅ እናት ናቸው፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ተኝተዋል። የሳቸው ነገር ከኮሮና ጋር አይገናኝም፣ ግን ደንብ ደንብ ነውና ወዚር ማስኩን አድርጎ፣ ብርቱካኑን ይዞ ሄደ። አዴ ዙሀይራ ከትራሳቸው ቀና ብለው ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ተመለከቱ።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ አዴ። ግን እድሩን ወክዬ ነው።"

"እድሩ የት አለ?"

"እድሩ በደንቡ መሠረት እኔ ነኝ።"

"አንተማ ወዚር ነህ። አባትህን አውቀዋለሁ፣ እሱም ዝምተኛ ነበር። ስማ፤ ውክልና ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው። እኔ ስታመም ሰው እፈልጋለሁ። አንዱ መጥቶ ምራቱን ያማልኛል። አንዷ መጥታ ትራስሽ ቆሸሸ ትለኛለች። እናደዳለሁ፤ ስናደድ ይሻለኛል። አንተ መጥተህ እንደ ቡሃቃ ትቀመጥብኛለህ። ብርቱካኑን አስቀምጥና ሂድ።"

ወዚር አስቀምጦ ሄደ። ቅር ብሎታል። መንገድ ላይ "ቡሃቃ" የምትለዋ ቃል እስከ ቤቱ ድረስ ተከትላዋለች።

የክትትል ቀጠሮው ደርሶ ጎባ ሄደ። የምታየው ዶክተር እስከዳር ናት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ "የጎባ ብርድ ምን ብርድ ነው?" እያለች ሹራብ በሹራብ ላይ የምትደርብ። ደሙን አስመረመረች፣ ሳንባውን አዳመጠች፣ ጣቱን ኦክስጅን የምትለካውን ትንሽ መቆንጠጫ አስነከሰችው።

"ምን ሲሠሩ ከረሙ፣ ጋሼ ወዚር?"

"በሽተኛ ስጠይቅ።"

"የምን በሽተኛ?"

"የኮሮና ነዋ። ከአንዷ የጉልበት በስተቀር።"

እስከዳር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ማን ፈቀደልዎት?"

"እድሩ። እኔ ጨርሼዋለሁ።"

"እድሩ ደም መርምሮ ነው?"

"የለም፣ ተሰብስቦ ነው።"

ዶክተሯ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ወንበሯን አስጠጋች። "ይስሙኝ። ሰውነትዎ ውስጥ ዘበኞች አሉ። በሽታው ሲበረታብዎት ገሚሶቹ አለቁ፣ ገሚሶቹ እስኪዝሉ ተዋጉ። አሁን አዲስ እየተቀጠረ ነው፤ አዲስ ዘበኛ ደግሞ ግቢውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የኮሮናን መልክ አጥንተው የቀሩም አሉ፤ እሱ እውነት ነው። ግን ደምዎ ውስጥ ያለው መከላከያ ከወር ወር እየሳሳ ይሄዳል። ቫይረሱም መልኩን ይለዋውጣል። ሁለተኛ የያዛቸው ሰዎች አሉ። ይዞዎት ሳይሰማዎት ለሌላ ሰው ሊሰጡትም ይችላሉ።"

ወዚር አሰበበት። "በሽታው ከወጣልኝ ታዲያ ዳገት ስወጣ ልቤን ምን ያስደልቀዋል? ሰውነቴንስ ለምን ያቃጥለኛል?"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? የእርስዎም ያው ነው። ጅቡ ሄዷል፤ ውሻው ገና መሄዱን አላመነም፣ ይጮሃል። ሌሊቱን ሲጮህ ያደረ ውሻ ደግሞ ቀን ይተኛል። ሌባ ያኔ ነው የሚገባው።"

"የምን ሌባ?"

"ማንኛውም። ከውጭ የመጣም፣ ግቢው ውስጥ ተደብቆ የኖረም።"

"እንግዲያው ጨርሻለሁ ወይስ አልጨረስኩም?"

"መታመሙን ጨርሰዋል፣ ጋሼ። መዳኑን ግን ገና መጀመርዎ ነው። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በሽተኛ ቤት እንዳይገቡ።"

ሮቤ ሲመለስ ጉቱ እንደ ሁልጊዜው ከመንገዱ ማዶ ጠበቀው። "ምን አለች?"

"ዘበኞችህ የኮሮናን መልክ አጥንተዋል አለች።"

"ብዬ አልነበር!" አለ ጉቱ።

ከሐኪም ቃል ግማሹን ይዞ መመለስ የወዚር ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ሮቤ ላይ ሙሉውን ይዞ የተመለሰ ሰው ገና አልታየም። ወዚር ግን ሌላውን ግማሽ ረስቶት አይደለም። ቢናገር ደንቡ ይፈርሳል፤ ደንቡ ከፈረሰ ደግሞ ማንም አይሄድም፤ የሆነ ሰው የሆነ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ይጣራል። በዚያ ላይ እሱም ወደ ድሮው ወዚር ይመለሳል፣ ጎኑ ሲቀመጡ እግር ወደሚያደነዝዘው። ሁለቱም ምክንያቶች ነበሩበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሱም አላጣራም። ለጥንቃቄ ብሎ ማስኩን አጠበቀ፣ መስኮት አስከፈተ፣ ደፍ ላይ ብቻ መቀመጥ ጀመረ። ከደፍም ቢሆን "አለሁ" ይሰማል።

ብዙም ሳይቆይ የቀኝ ጎኑን አመመው። ጆንያ አንስቼ ይሆናል አለ። ቀጥሎ ሳማ እንደነካው ሰው ይለበልበው ጀመር፤ ሸሚዝ እንኳ ሲነካው ዓይኑ እንባ ያዝላል። አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ሸሚዙን ቢገልጥ ከጀርባው ተነስታ ወደ እምብርቱ የምታመራ ቀይ መስመር አየ፤ ላይዋ ውኃ የቋጠረ ነው። ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። አልማዝ ባለጭራ ናት። ስሙን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ አልማዝ የሚባሉ ሴቶች ሁሉ ይቅር ይበሉን። ሰዉ ስለሷ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወገብ ዞራ ራስና ጭራዋ ከተገናኙ ሰውየው አለቀ ይላል። ወዚር ገመድ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ቀጠን ያለችውን ገመድ አምጥቶ ወገቡን ለካና የቀራትን መንገድ ቋጠሮ ቋጥሮ ምልክት አደረገ። በማግስቱ ለካ። መንገዷ ስላጠረ ቋጠሮውን ትንሽ ማቅረብ ነበረበት። ጎባ ሄደ።

"ልጅ ሆነው ጉድፍ ይዞዎት ያውቃል?" አለች እስከዳር።

"ያልያዘው ማን አለ?"

"ይሄ እሱ ነው።"

"ማን?"

"ያው የልጅነትዎ ጉድፍ። ያኔ ሻረ እንጂ አልወጣም። ነርቭዎ ሥር ተኝቶ ነው የኖረው። ዘበኞቹ እንዳይነሳ ይጠብቁት ነበር።"

ወዚር ያለፈውን ዘመን በልቡ ቆጠረ። ያገባው፣ የወለደው፣ ሚስት የቀበረው፣ ሱቅ የከፈተው፣ ይሄን ሁሉ ከጉድፍ ጋር ነው ማለት ነው። "ይሄን ሁሉ ዘመን?"

"ይሄን ሁሉ ዘመን።"

"ኮሮናው ነው የቀሰቀሰው?"

"እሱ ነው ብዬ አልምልም። ዕድሜም ያመጣዋል፣ ብዙ ነገር ያመጣዋል። ግን የሚነሳው ዘበኛ ሲዝል ነው፤ የእርስዎ ዘበኞች ደግሞ ምን ሆነው እንደከረሙ ተነጋግረናል።" ከዚያ ከኪሱ የተንጠለጠለውን አየች። "ምንድን ነው ያ ገመድ?"

ነገራት።

"ራስና ጭራዋ አይገናኙም" አለች፤ "አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ጎን አታልፍም። ቋጠሮውን ይፍቱትና የጆንያ አፍ ይሰሩበት።" ኪኒን ጻፈችለት። ቤትዎ ይተኙ አለችው።

ወዚር ከበሩ ተመለሰ። ለሌላ ሰው እንደሚጠይቅ አድርጎ፣ "የተኛ ሰውን ሰው ሊጠይቀው ይችላል?" አላት።

"ልጅ ሆኖ ጉድፍ የያዘው ሁሉ ይችላል፣ ማስኩን አድርጎ። ያልያዘው አይግባ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይጠጉዎት።"

ወዚር ቤቱ ገብቶ ተኛ። ኢህሳን ከደሎ መና ደወለች፤ ልትወልድ ቀኗን ትጠብቃለች። "በነገው አውቶቡስ የሳነቴን ተራራ ተሻግሬ እመጣለሁ" አለች። እንዳትሞክሪው አላት። "ታዲያ ማን አለህ?" አለችው። "ቤቱ ሰው ሞልቷል" አለ ወዚር። ቤቱ ውስጥ ያለችው ድመት ብቻ ናት፤ እሷም የጎረቤት ናት።

ግን ይሞላል ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተሰናድቷል። ወንበሮቹን ከግድግዳው አርቆ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፎ ጠበቀ። የሰፈሩን የታመመ ሁሉ ጠይቋል፤ ሰው ውለታ አይረሳም። አንድ ቀን አለፈ። ሌላም አለፈ። ሰፈሩ አልጨከነበትም፤ ጠዋት ጠዋት ምግብ በፌስታል የግቢው በር ላይ ተንጠልጥሎ ያገኛል፣ ማታም እንዲሁ። ያንጠለጠለው ሰው ግን የለም። ደንቡ እንደዚያ ነው። የታመመ ቤት የሚገባው ወዚር ብቻ ነው፤ ወዚር ደግሞ ገብቷል፣ ተኝቷል።

ህመሙ ሲነሳበት ጣራውን እያየ አንድ ሁለቴ "ሰው የለም እንዴ?" ለማለት ቃጣው። አላለም። ብሎ መልስ ከሚያጣ ባይለው ይሻለዋል። ፈርቷል። ትልቅ ሰው ነው፣ ፈርቷል።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ጉቱ ደወለ። አርብ ወዚር ስለ ጠየቃቸው በሽተኞች ለዳኛው ሪፖርት የሚያደርግበት ቀን ነው።

"አካም ጅርታ፣ ወዚር?"

"አለሁ።"

"የሳምንቱን በል እስቲ። የታመመ አለ?"

"አንድ።"

"ማነው?"

"እኔ።"

"እሱንስ ሰምቻለሁ። አልማዝ ባለጭራ ናት አሉ። ተጠይቋል?"

"በደንቡ መሠረት የሚጠይቀው ወዚር ነው።"

ከጉቱ በኩል የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። "እና፣ ጠየቀው?"

"ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ጠይቆታል።"

"ምን ተባባሉ?"

"እንዴት ነህ አለው። ደህና ነኝ አለው። ከዚያ ዝም ተባብለው ተቀመጡ።"

"ብርቱካንስ?"

"ሁለቱም አልያዙም።"

ጉቱ ጉሮሮውን ጠረገ። "ደንቡ እኮ ለኮሮና ነው የወጣው።"

"ደንቡ 'የታመመ' ነው የሚለው። ያወጣኸው አንተ ነህ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።" ወዚር ጎኑን ይዞ ቀና አለ። በዕድሜው ሙሉ ይህን ያህል በስልክ አውርቶ አያውቅም፤ ከጀመረ ግን ይጨርሰው። "ሌላም አለ። ዶክተሯ በሽተኛ ቤት አትግባ ብላኝ ነበር። ጨርሰሃል አላለችም። አልነገርኩህም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ማን ይሄድ ነበር?"

ወፍጮው ብቻ ይፈጫል።

"ጉቱ፣ ድንኳኑን ብታሰጡት አልቀየምም" አለ ወዚር። "ይሰጣ፣ ፀሐይ ይምታው። ግን ከድንኳኑ በፊት አንድ ሰው ይምጣልኝ። ልጅ ሆኖ ጉድፍ የያዘው ሰው መግባት ይችላል ብላለች። ያልያዘው አይግባ። ይኸው ነው ሪፖርቱ።"

ስልኩን ዘጋ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ከግቢው በር ውጭ የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማው። ድንኳኑን ይዘው የመጡ መሰለው። ጆሮውን ሲያቀና ግን የሚሰማው ጭቅጭቅ ነው። የጉቱን ድምፅ ለየ። ጉቱ አጥሩን ተደግፎ በር ይጠብቃል፤ የሚገባውን ሰው ጠባሳ ይመረምራል።

"ይሄ የጉድፍ አይደለም፣ የእሳት ነው።"

"የጉድፍ ነው። እናቴን ጠይቅ።"

"እናትህ ዲንሾ ናት፣ ከየት አምጥቼ ልጠይቃት? ወደዚያ ቁም። መምህር፣ የአንተስ?"

"ግንባሬ ላይ ናት" አለ መሸሻ። "ጠባሳ ግን ሳይንሳዊ . . ."

"ግንባርህን ብቻ አሳየኝ።"

"ራስህስ ጉቱ፣ ይዞሃል?" አለ አንዱ።

"እኔ አላውቅም" አለ ጉቱ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። "የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። እኔ እዚሁ አጥሩ ጋ እቆያለሁ። ብርቱካኑን የሚገባ ሰው ያስገባልኝ።"

ከዚያ የምርኩዝ ድምፅ መጣ። ቋ፣ ቋ እያለ ጭቅጭቁን ሰንጥቆ አለፈ። ጉቱ አላስቆመውም፤ አዴ ዙሀይራን ጠባሳ አሳዩኝ የሚል ሰው ሮቤ ላይ ገና አልተወለደም። ምርኩዙ ግቢውን አቋረጠና ከቤቱ በር ላይ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል። የገባ ሰው የለም። ከውጭ የሻከረ፣ ያረጀ ድምፅ፣ ከጎባ ከዲኖ አልጋም የመጣ ሊሆን የሚችል፣ ተጣራ።

"ቤቶች፣ ሰው የለም እንዴ?"

ወዚር ከትራሱ ተነሳ። ጎኑን አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ትንፋሹን ፈለገ። ነበረ። ደረቱን ሞልቶ፣ ተርፎ፣ እንዳለ እዚያው ነበረ።

"አለ!" አለ። አጥሩ ጋ ያለው ጭቅጭቅ ቀጥ አለ። "አለ! ሰው አለ! አለሁ፣ አለሁ፣ ግቡ!"

አዴ ዙሀይራ በሩን በምርኩዛቸው ገፍተው ገቡ። አዩት። ወንበሮቹን አዩ፣ አንሶላውን አዩ፣ ፊቱ ላይ የሚወርደውን እንባ አዩ። አንዱን ወንበር ጎትተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ።

"ምን ያስጮኽሃል?" አሉት። "አልደነቆርኩም። ትራስህ ደግሞ ቆሽሿል።"